ከደጅ ጥናት እስከ ማስታወቂያ ሰሌዳ

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይላል ተረቱ። አንዳንዱ ሰው ደግሞ «ሥራ የፈታ መነኩሴ» ብሎ ይተርተዋል። በዚህች በአንዲት ቃል ልዩነት ባለፈው ወር መኝታ ክፍላችን ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት ስንጨቃጨቅ አመሸን። ነገሩን ያነሣው ከኛ ሁለት ዓመት ቀድሞ በታሪክ ትምህርት የተመረቀ ጓደኛችን ነው። ዲግሪውን ከያዘ ወዲህ ቋሚ ሥራ አላገኘም። ማታ ማታ እየመጣ ከኛ ጋር ሻይ ይጠጣል፤ አንዳንዴም እዚያው ያድራል (የግቢው ጥበቃዎች ይህን ገጽ እንደማያነቡ ተስፋ እናደርጋለን)። «ሥራ ያጣ ማለት ፈልጎ ያላገኘ ነው። ሥራ የፈታ ማለት ግን ሚስቱን እንደፈታ ሰው በገዛ እጁ የተወ ነው። እኔን ሠፈር ውስጥ የሚጠሩኝ በሁለተኛው ነው» አለን። ከዚያ ወዲያ ማንም ሻዩን አልጨረሰም።

እኛም የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች እንደመሆናችን መጠን ነገሩን ወደ ኋላ ሄደን ለመመርመር ተነሣን። ሥራ ማጣት የምጣኔ ሀብት ጠበብት ጉዳይ ነው፣ እናንተ ምን አገባችሁ የሚሉን አይጠፉም። የመቶኛውን ስሌት ለነሱ እንተወው። እኛ ለማወቅ የፈለግነው ሌላ ነው፤ በዚህ አገር ሰው እንጀራ የሚሆነውን ቦታ ሲጠብቅ የኖረው የት ቆሞ ነው? የማንን ፊት እያየ? እስኪያገኝስ ድረስ ማን እያበላው?

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅልን። ለአብዛኛው ያገራችን ሰው፣ ማለትም ለገበሬው፣ ሥራ ማጣት የሚባል ነገር ለብዙ ዘመን እንግዳ ነበር። ሥራማ ሞልቶ! ጭሰኛው እህሉን ካካፈለ በኋላ የባለ መሬቱን ሁዳድ ያርሳል፣ አጥሩን ያጥራል፣ እንጨቱን ይሸከማል። እሱ ያጣው መሬት እንጂ ሥራ አልነበረም። ቁጭ ብሎ ሹመት ወይም ደመወዝ የሚጠብቀው ሌላ ሰው ነበር። ስሙም ደጅ ጠኚ ይባላል።

ደጅ ጥናት ዛሬ እንደ ነቀፋ ይነገራል እንጂ በዘመኑ የታወቀ ሥርዓት ነበር። ሹመትም ሽረትም ከንጉሡ ፈቃድ ስለሚመነጭ፣ የተሻረው ባላባት ዳግመኛ ለመሾም፣ ርስቱን የተነጠቀው ለማስመለስ፣ ያልተሾመው ለመሾም ወደ ቤተ መንግሥቱ ይመጣል። ትንሹ በትልቁ ደጅ፣ ትልቁም በንጉሡ ደጅ ይቆማል። ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሣል፤ ሲገባም እንደዚሁ። ነገሩ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ዋናው ጥበብ ከጌታው ዓይን መግባት ነው፤ ዛሬ የቀረ ሰው ነገ ይረሳል። «ጥናት» የሚለው ቃል ለኛ የሚያስታውሰን መጽሐፍ ነው፤ ለነሱ ግን ደጅ ነበር፤ ፈተናውም መቼ እንደሚሆን አይታወቅም።

ሆኖም ደጅ ጠኚው ሁለት ነገር ነበረው። አንደኛ፣ ግብር ይበላ ነበር። በአዳራሹ ግብር ሲበላ እንደ ማዕረጉ ተራ ይደርሰዋል፤ እየጠበቀም ቢሆን የማን ሰው እንደሆነ በተቀመጠበት ቦታ ይታወቃል። ሁለተኛ፣ ደጁ ባለቤት አለው። እምቢ የሚለው ሰው ፊት አለው፤ ስም አለው፤ ሊሰድቡት ባይቻልም ሊያሙት ይቻላል። ይህን ስንል ያንን ሥርዓት ማሞገሳችን እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልን። ግብሩን የሚያበስለው እህል ከማን ጎተራ እንደወጣ ከላይ ተናግረናል። ደግሞም ገበሬው ራሱ ደጅ ሊጠና ቢያስብ ማን ያርስለታል? መጠበቅም ቢሆን ስንቅ ላለው ነበር።

ከመካከላችን የአንዱ አያት በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአንድ የአውራጃ ጽሕፈት ቤት ለጸሐፊነት ሰባት ወር ደጅ ጠንተዋል። ዳዊት የደገሙ፣ የቁም ጽሕፈታቸው ያማረ ሰው ናቸው። ባለፈው ዕረፍት የልጅ ልጃቸው ስለዚያ ጊዜ ሲጠይቃቸው፣ «ምን አለው ልጄ፣ ሰውየው በቅሎውን ሲጭን እርካብ እይዝ ነበር» አሉት። «አላሳፈረዎትም?» ቢላቸው፣ «እሱ ስሜን ያውቅ ነበር» ብለው መለሱ። ይህን መልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነግረን ሳቅን። በኋላ ግን ደጋግመን አነሣነው።

አሁን ወደ ተማረው ሰው ታሪክ እንለፍ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፤ በዓመቱም በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ትምህርት ቤቱ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው፣ አስተርጓሚና የጽሕፈት ሰው፣ ለመንግሥት እንዲያወጣ የታሰበ ነበር። በዚያው ዘመን ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ንጉሡ አዋጅ ማስነገራቸውም የታወቀ ነው። ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ስናያቸው አንድ ነገር ይገርመናል። አዋጁ የእጅ ሥራን ሊያከብር ወጣ፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከእጅ ሥራ የሚያመልጥ ሰው አወጣ። ከሁለቱ የትኛው እንዳሸነፈ ለማወቅ የትኛውንም አባት ልጁ ምን እንዲሆንለት እንደሚፈልግ መጠየቅ ይበቃል።

በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከተለ። ከዚያም ወረራው መጣ፤ ከነዚያ ጥቂት የተማሩ ወጣቶች ብዙዎቹን ፋሺስቶች ፈጇቸው። ነጻነት በ1933 ሲመለስ መንግሥቱ ጸሐፊ፣ መምህር፣ የሒሳብ ሰው፣ አስተርጓሚ አጥቶ ነበር። የሚያነብና የሚጽፍ ሁሉ ተፈላጊ ሆነ። ተማሪው ገና ሳይጨርስ መሥሪያ ቤቶች ይሻሙት ነበር። እንግዲህ «ተማር ልጄ» የሚለው ምክር በየቤቱ ሕግ የሆነው በነዚያ ሃያ ዓመታት ውስጥ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ምክሩ እውነት ነበር። ችግሩ ምክሩ ከእውነቱ ይልቅ ረዥም ዕድሜ መኖሩ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ተከፈተ፤ በ1954 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በዚያው ሰሞን ፋብሪካዎችም ተተክለው ነበር፤ ወንጂ ስኳሩን ማምረት የጀመረው በ1946 ነው። ወደ ሸንኮራ እርሻው ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከወላይታ ብዙ ሰው ፈለሰ። እዚያ ደጁን የያዘው ጌታ ሳይሆን ካቦ ነበር፤ ጧት በጣቱ እየጠቆመ «አንተ፣ አንተ፣ አንተ» የሚል። ያልተጠቆመው ነገ ይመጣል። ግብር የለም። ስለ አሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ድንጋጌ የወጣው በ1954፣ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የቆመው በ1955 ሲሆን፣ ሁለቱም ሥራ ላለው ሰው ነበሩ። ከደጁ ውጭ ለቆመው ማኅበር አልነበረውም። በጭላሎም ከ1960 ወዲህ የእርሻ ልማቱ ሲስፋፋ ባለ መሬቱ ትራክተር ማስገባት አዋጣውና ጭሰኛውን ማባረር ያዘ። መሬት ብቻ ያጣ የነበረው ሰው ያን ጊዜ ሥራም አጣ። እግሩም ወደ ከተማ አመራ።

የከተማው አቀባበል ምን እንደነበረ ከአንድ ነገር ይታያል። በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ለማኞችና ችግረኞች እየታፈሱ ሾላ በተባለው ሥፍራ ታጉረው ተገኙ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ሰልፍ ወጡ፤ ድህነት ወንጀል ነው ወይ ብለውም ጠየቁ። ስለዚያ ትውልድ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የ1957ቱ የ«መሬት ለአራሹ» ሰልፍ ነው። ለኛ ጉዳይ ግን የሾላው ሰልፍ ይበልጣል። ምክንያቱም ተማሪዎቹ ያን ዕለት የጮኹት ነገ እንቀጠራለን ብለው እርግጠኛ ሆነው ሳለ፣ እንጀራ ለሌለው ሰው ነበር። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ጉዳዩ ወደራሳቸው ቤት ገባ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሥራ የሌለው ወጣት በየከተማው ታየ። ይህ አዲስ ፍጥረት ነበር፤ ማረስ የተወ፣ መጻፍ የሚችል፣ የሚጽፈው ግን ማመልከቻ ብቻ የሆነ።

መንግሥቱ ለዚህ ያዘጋጀው መልስ የትምህርት ዘርፍ ጥናት የሚባለው ነው። ጥናቱ (አሁንም ጥናት!) ከሞላ ጎደል እንዲህ ይል ነበር፤ ለብዙኃኑ ልጆች የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚዘልቁት ጥቂት ይሁኑ። ባለሙያዎቹ በወረቀት ላይ አሳማኝ ምክንያት ነበራቸው። ድሃው ወላጅ ግን በአንድ አፍታ የገባው ሌላ ነገር ነው፤ ደጁ ሊዘጋ ነው፣ የሚዘጋውም በኔ ልጅ ላይ ነው አለ። መምህራኑ የካቲት 11 ቀን 1966 ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ቀን የታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ምክንያት አድማ መቱ። የካቲት 28 ደግሞ ጠቅላላው የሠራተኞች አድማ ተከተለ። የየካቲትን አብዮት ብዙዎች ከወሎ ረሃብና ከመሬት ጥያቄ ያመጡታል፤ ልክ ናቸው። እኛ የምንጨምረው ሥራ የማግኘት ተስፋን መቀማትም እንደ ረሃብ ሰውን አደባባይ ያወጣል የሚለውን ነው።

ስለ ደርግ ዘመን ገጽ ስለማይበቃን በአጭሩ እንለፍ። በ1967 ፋብሪካዎቹና መሬቱ የመንግሥት ሆኑ፤ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። ደጆች ሁሉ የአንድ ባለቤት ሆኑ። ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሁሉ በምደባ ወደ ሥራ ይገባ ነበር፤ ወደ የት እንደሚሄድ አይመርጥም እንጂ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ይገኛል። ወላጆቻችን ይህን ዘመን ሲያስታውሱ ድምፃቸው ሁለት ይሆናል። «ምደባ ነበረ» ይላሉ፤ ቀጥለው ደግሞ ከጓደኞቻቸው ማን ከቤቱ እንደወጣ እንዳልተመለሰ ይቆጥራሉ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለወደቀው ወጣት የተከፈተው ትልቁ ደጅም የጦር ሠራዊቱ ነበር። በ1983 ያ ሠራዊት ሲበተን ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከጠመንጃ ሌላ ሙያ ሳይኖረው ወደየመንደሩ ተመለሰ። ምደባውም በዚያው ሰሞን ቀረ። መስከረም 1985 ላይ ብር ከዶላር ጋር ያለው ምንዛሪ ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ወረደ፤ መንግሥት ከዚህ በኋላ ሁሉን ቀጣሪ እንደማይሆን ግልጽ ሆነ።

ቁጥር አናበዛም ብለን ነበር፤ አንዱን ግን ማለፍ አልቻልንም። ፒተር ሰርኔልስ የተባለ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1994 ከከተሞቻችን በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርቶ፣ ከወጣት ወንዶች ግማሽ ያህሉ ሥራ አጥ መሆናቸውን፣ አንድ ሥራ አጥም በአማካይ ወደ አራት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ያለ ሥራ መቆየቱን ጽፏል። ብዙዎቹ የተማሩና የመጀመሪያ ሥራቸውን የሚፈልጉ ናቸው፤ ግማሽ ያህሉ የሚመኙትም የመንግሥት ሥራ ነው። አራት ዓመት! እኛ ለዲግሪ የምንቆይበትን ያህል ማለት ነው። ያለ ሥራ መቆየትም ራሱን የቻለ ኮሌጅ ሆኗል፤ ምረቃ የለውም እንጂ።

እዚህ ላይ «መርጠው ነው እንጂ ሥራ መቼ ጠፋ» የሚለው ወቀሳ ይመጣል። ወቀሳውን በችኮላ አንጣለው። ዳንኤል ሜይንስ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት የጅማን ወጣቶች አጥንቶ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2012 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ልጆቹን የያዛቸው ይሉኝታ መሆኑን ያሳያል። ባገሩ ሊስትሮ መሆን ያፈረ ልጅ አሜሪካ ቢሄድ ሳህን ለማጠብ ዝግጁ ነው። አንባቢ ይስቅ ይሆናል፤ እኛ ግን ቀደም ሲል ያነሣነውን የምኒልክን አዋጅ አስታወስን። መቶ ዓመት ሙሉ ትምህርት ማለት ከእጅ ሥራ መውጣት ነው ተብሎ ለተነገረው ልጅ፣ ይሉኝታ የግል ስንፍናው ሳይሆን ከአያቱ የወረሰው ርስት ነው። ሴቶቹን ደግሞ ይህ ክርክር ከነጭራሹ ይረሳቸዋል። በየጥናቱ በከተማ ሥራ ያጡ ሴቶች ከወንዶቹ ይበልጣሉ፤ ቤት የተቀመጠችውን ልጅ ግን ማንም ሥራ ፈት አይላትም፤ ምክንያቱም ከንጋት እስከ ማታ ትሠራለች። ብዙዎቹ ወደ ዓረብ አገር መንገዱን የያዙት ሥራ ፍለጋ ብቻ ሳይሆን፣ የሚሠሩት ሥራ ደመወዝ እንዲኖረው ብለውም ነው። ከኅዳር 2006 ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ሴቶቹ የተመለሱት ወደዚያው ጓዳ ነበር።

ሥራ ያጣ ሰው ቢያንስ ጊዜ ይተርፈዋል የሚባለውም ሐሰት ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሞ በደንብ ያሳየው ጥናት የተደረገው ከኛ ርቆ፣ ቪየና አጠገብ ባለች ማሪየንታል በምትባል የፋብሪካ መንደር ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1930 ገደማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲዘጋ መንደሩ በሙሉ ሥራ አጣ። ማሪ ያሆዳና ጓደኞቿ ሄደው ሲያጠኑ፣ በመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጻሕፍት ቁጥር በሁለት ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል ወርዶ አገኙት፤ የማዋሻው ክፍያ እንኳ ቀርቶ! ወንዶቹ ሰዓት ማሰር ትተዋል፤ መንገድ ላይ በየጥቂት እርምጃው ይቆማሉ። ጊዜ በዛላቸው እንጂ አልተረፋቸውም። ይህን ምዕራፍ ጓደኛችን ጮክ ብሎ አነበበልን፤ ሲጨርስም መጽሐፉን ዘግቶ፣ «እኔ ከምረቃ ወዲህ ያነበብኩት የመጀመሪያው ነገር ይኸ ነው» አለ።

ወደ ቃላችን እንመለስ። «ሥራ አጥ» በጽሑፍ፣ «ሥራ ፈት» በሠፈር አብረው ይኖራሉ። ሦስተኛውን ቃል ሕግ ጨመረው፤ በ1996 የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384። አዋጁ ሊቀጣ የተነሣው ቁማሩን፣ ጠቡን፣ አደንዛዥ ዕፁን ነው እንላለን፤ ይሁን እንጂ ቦዘኔን መግለጽ ሲጀምር መሥራት እያለው መተዳደሪያው የማይታወቅ ሰው ከሚለው ነው። ከሾላ እስከዚህ አዋጅ 38 ዓመት ነው። የተማሪዎቹ ጥያቄ ግን ገና መልስ አላገኘም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አንባቢ በዓይኑ ያየው ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በጣት ከሚቆጠሩ ተነሥተው ከ40 በላይ ደረሱ። ከ2001 ጀምሮ ከመቶው 70 እጅ ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተባለ፤ እኛ ከቀሪው 30 ውስጥ ነን፣ ስለዚህ ስለ ጉዳዩ አናወራም። ተደራጁ ተባለ። በኮብልስቶን ንጣፍ ላይ ባለ ዲግሪ ድንጋይ ጠረበ፤ ሥራው ክቡር ነው፣ መንገዱም ያምራል። ነገር ግን ድንጋይ ለመጥረብ አራት ዓመት ታሪክ ማጥናት ለምን አስፈለገ ብሎ መጠየቅ ሥራ መናቅ አይደለም።

ታዲያ ዛሬ ደጁ የት ነው? ብዙ ዓመት አራት ኪሎ ላይ ነበር፤ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይተው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሥራ ማስታወቂያ ገጹን ብቻ የሚያነቡ ወጣቶች መንገዱን ሞልተውት። አሁን አብዛኛው ወደ ቴሌግራም ሄዷል። የተቀረው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። «የሥራ ልምድ ሁለት ዓመት» ይላል፤ ልምዱ ከየት እንደሚገኝ አይልም። ጓደኛችን ፕላስቲክ ፋይል አለው፤ በውስጡ የዲግሪው፣ የውጤቱ፣ የመታወቂያው ፎቶ ኮፒ፣ ስምንት ስምንት ቅጂ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ በዱቤ ይሠራለታል። ከግብር የቀረለት እንግዲህ ይኸው ነው።

ባለፈው ሐሙስ አብረነው ወጣን። ስሙን በማንጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ለአምስት የሥራ ቀን የተባለ ማስታወቂያ ነበር፤ ሐሙስ ሦስተኛው ቀን ነው። ሰሌዳው ባዶ ሆኖ ጠበቀን፤ አራቱ ስፒሎች ብቻ ቀርተዋል። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው።

«አባባ፣ ማስታወቂያው የት ሄደ?»

«ተነሥቷል ልጄ።»

«ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል እኮ።»

«አንሣ ተባልኩ፣ አነሣሁ።»

«ማን ነው ያለዎት?»

አሰቡ። «ከላይ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ በእጃቸው ወደ ፎቁ እያሳዩ። ሰባት ፎቅ ነው። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ጥላው ሳቡና ለጓደኛችን «ተቀመጥ እስቲ» አሉት። «ስንት ጊዜህ ነው ደጅ ስትጠና?»

«ሁለት ዓመት ከአራት ወር።»

«የኔው ልጅ ሦስት ሞላው» አሉ። ምን እንደተማረ ጠየቅናቸው።

«አካውንቲንግ» አሉን።